«ይህንንማ የኔም ልጅ ይሥለዋል!»

ባለፈው የፈረንጅ ክረምት ከዳላስ የመጣ አንድ የቆየ ወዳጄን ዋሽንግተንን ሳዞር ዋልኩ። ከዚህ ሰው ጋር በየሰላማዊ ሰልፉ፣ በየስብሰባውና በየፓልቶክ ክፍሉ ለሠላሳ ዓመታት ያህል አብረን ጮኸናል፤ ሁለት ጊዜ ተኳርፈን ሁለት ጊዜ ታርቀናል። ስንትና ስንት ጊዜ መፈክር ይዘን የቆምንበትን የካፒቶል ደጃፍ በትዝታ እያየን ሳለ ነፋሱ አላስቆም ቢለን «ና፣ በነጻ የሚገባበት ሞቅ ያለ ቤት ላሳይህ» ብዬ ወደ ናሽናል ጋለሪ ምሥራቃዊ ሕንጻ ይዤው ገባሁ። ታክሲ ስነዳ በኖርኩባቸው ዓመታት ሥራ ሲቀዘቅዝ የምጠጋው እዚያ ነበር። መጀመሪያ የገባሁት ለሥዕል ፍቅር ብዬ እንዳይመስላችሁ። ለመጸዳጃ ቤት ነበር።

ወዳጄ እጆቹን ኪሱ ውስጥ እንደ ከተተ ሲዘዋወር ቆይቶ አንድ ትልቅ ሥዕል ፊት ቆመ። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ያህል ይሆናል። ሰው የለበትም፣ ዛፍ የለበትም፣ ቤት የለበትም። ጥቁርና ነጭ፣ ግራጫና ሮዝ መሰል ቀለም እንደ ሸረሪት ድር ተጠላልፎ፣ ተንጠባጥቦ፣ ተረጭቶ ይታያል። ወዳጄ ግራ ቀኙን አየና ጮክ ብሎ በአማርኛ «ይህንንማ የኔም ልጅ ይሥለዋል!» አለ። ጥግ ላይ የቆመው ጥበቃ ለካ ሐበሻ ኖሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁት ግን በወዳጄ አልነበረም። ይህንኑ ቃል፣ እንዲያውም ከዚህ የከፋውን፣ እኔ ራሴ በ1968 ዓ.ም. ተናግሬዋለሁና ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ሲሆን የቀረው ሁሉ በፈረንጆቹ መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ያኔ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ጸሐፊ ነበርኩ። ማታ ማታ ደግሞ እንደ ብዙው የዘመኔ ወጣት በጥናት ክበብ ታቅፌ፣ በስቴንስል የተባዛ ወረቀት ሳገላብጥ አመሻለሁ። አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይቶ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ሥዕል ተማሪ ነበር። ቤተሰቦቹ በሕይወት ስላሉ ስሙን አልጠራም። የገብረ ክርስቶስ ደስታን ስም ሳያነሣ አይውልም። የሠዓሊ ሸራ የሚገዛበት ገንዘብ ስለማይኖረው አቡጀዲ ገዝቶ ወለሉ ላይ ይዘረጋል፤ ከቀለም ቀቢዎች የተረፈ የቤት ቀለም በቆርቆሮ ለምኖ ያመጣል፤ በአኳራጅ ያቀጥናል፤ ከዚያም ተንበርክኮ ያፈስሳል፣ ይጠርጋል፣ በእጁ ሳይቀር ያሻሻል። ክፍላችን በአኳራጅ ሽታ ከመታፈኗ የተነሣ እኔ በር ከፍቼ ነበር የማነበው።

አንድ ቀን ክበባችን ለሠልፍ የሚሆን ሥዕል ፈለገ። ጡንቻው የፈረጠመ ወዝአደር፣ የተጨበጠ እጅ፣ ከኋላ የምትወጣ ፀሐይ፤ ያንን ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ጓደኛዬ «እኔ እንዲህ ያለውን አልችልበትም» አለ። እኔም ተነሣሁና «ሰፊው ሕዝብ ዳቦ ሲጠይቅ አንተ ቀለም ትደፋለህ። ይህን የተረጨ ነገር የአምስት ዓመት ሕፃንም ያደርገዋል። ንዑስ ከበርቴ!» አልኩት። ንዑስ ከበርቴ የምትለዋን ቃል ከተማርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ልጁ መልስ አልሰጠኝም። በማግሥቱ አቡጀዲዎቹን ጠቅልሎ አልጋው ሥር ከተታቸውና የተጨበጠ እጅ መሣል ጀመረ። ደግሞም አሳምሮ ይሥለው ነበር፤ አልችልበትም ያለው ውሸቱን ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ቀለም ሲያነሣ ሰምቼው አላውቅም።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አሰሳ ቤታችን ሲፈተሽ እኔ ክፍለ ሀገር ነበርኩ። እሱን ወሰዱት። አልተመለሰም።

እንግዲህ ያ ቃሌ በአፌ እንዳለ ነው ሱዳንን አቋርጬ አሜሪካ የገባሁት፤ ያ ቃሌ በአፌ እንዳለ ነው ከብዙ ዓመታት በኋላ ከዚያ የተረጨ ሥዕል ፊት ለፊት የቆምኩት። ሥዕሉ ጃክሰን ፖሎክ በ1950 የሠራው «ቁጥር 1» ነው፤ «ላቬንደር ሚስት» እየተባለም ይጠራል፤ ወይን ጠጅማ ጭጋግ እንደ ማለት ነው። የሚገርመው ግን ወይን ጠጅ ቀለም የለበትም። ስሙን ያወጣለት ሐያሲው ክሌመንት ግሪንበርግ ነው፤ ቀለሞቹ ከሩቅ ተደባልቀው ዓይንን ስለሚያታልሉ።

ፖሎክ በ1912 ዋዮሚንግ ውስጥ ኮዲ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1945 ከሚስቱ ከሠዓሊዋ ሊ ክራስነር ጋር ከኒው ዮርክ ከተማ ወጥቶ ሎንግ አይላንድ ላይ ስፕሪንግስ በተባለ መንደር ተቀመጠ። እዚያ ያገኘውን የእንጨት መጋዘን የሥራ ቦታው አደረገ። ከ1947 ጀምሮ ሸራውን ወለል ላይ እየዘረጋ፣ በአራቱም ማዕዘን እየዞረ፣ የቤትና የፋብሪካ ቀለም በእንጨትና በደረቀ ቡርሽ እየጠቀሰ ከላይ ያፈስስ ጀመር። ቡርሹ ሸራውን አይነካም። ቀለሙ በአየር ላይ ሳለ ነው መሥመር የሚሆነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሰው ሥዕል ሲሥል ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ጣቱና የእጁ አንጓ ነው። ይህ ሰው ግን በትከሻው፣ በወገቡ፣ በእግሩ ርምጃ ነበር የሚሥለው። ስለዚህ ሸራው ላይ የቀረው የአንድ ነገር መልክ ሳይሆን የአንድ ሰው እንቅስቃሴ ነው። ቀስ ብሎ በሄደበት ቀለሙ ወፍሯል፤ ፈጥኖ በወረወረበት ቀጥኗል፤ ቆም ባለበት ኩሬ ሠርቷል። ሃሮልድ ሮዘንበርግ የተባለ ሐያሲ በ1952 ይህን ዓይነቱን ሥዕል «የድርጊት ሥዕል» ብሎ የሰየመው በዚህ ምክንያት ነው። ለእሱ ሸራ አንድ ድርጊት የሚፈጸምበት ሜዳ ነበር።

ከሁሉ የከነከነኝን ልንገራችሁ። ፖሎክ ቀለም ማፍሰስን ከየት ተማረ? በ1936 የሜክሲኮው ኮሙኒስት ሠዓሊ ዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ ኒው ዮርክ ላይ የሙከራ ወርክሾፕ ከፍቶ ነበር። የመኪና ቀለም ማፍሰስ፣ መርጨት፣ ማንጠባጠብ የሚሞከርበት ቤት ነው። የ24 ዓመቱ ፖሎክ እዚያ ገብቶ ሠርቷል። ወርክሾፑ ከሠራቸው ነገሮች መካከል አንዱ ምን መሰላችሁ? የሜይ ዴይ ሠልፍ ማድመቂያ! እኔ በሠልፉ ስም የቀለም ማፍሰሱን ሳወግዝ፣ የቀለም ማፍሰሱ አንዱ ሥር ለካ ሠልፉ ውስጥ ነበር። ጓደኛዬ ይህን ቢያውቅ ኖሮ አፌን ያስይዘኝ ነበር። ያን ጊዜ ማናችንም አናውቅም።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። ልጁ ይህን ይሥለዋል ወይ? ሕፃን ልጅ ቀለም መርጨት እንደሚችል የታወቀ ነው። ነገር ግን ሦስት ሜትር በሚሆን ሸራ ላይ አንዱን ቀለም በሌላው ላይ እየደረበ፣ የትም ቦታ ሳይጨቀይ፣ የትም ቦታ ባዶ ሳይሆን፣ ዓይን የሚያርፍበት አንድ መሀል ሳይኖረው እስከ ዳር ድረስ አንድ ትንፋሽ አድርጎ መጨረስ ሌላ ነገር ነው። ፖሎክ ራሱ «በአጋጣሚ ነው የምትሠራው» ሲሉት ይቆጣ ነበር፤ የቀለሙን አፈሳሰስ እቆጣጠረዋለሁ ባይ ነው። በ1950 ሃንስ ናሙት የተባለ ፎቶ አንሺ ሲሠራ ፎቶም ፊልምም አንሥቶታል። እጁ ሲወዛወዝ ለተመለከተ ሰው፣ የዋዛ ሰው ሥራ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን ባልተገባ ነበር። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ትናንት የተዘረፈውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ አያቀርብም። በዕለቱ፣ በቦታው፣ ለዚያው በዓል አዲስ ይዘርፋል። አዝማሪውስ? «ተቀበል!» ሲባል እያሰበ ነው እንዴ የሚመልሰው? ቃሉ ከአፉ የሚፈልቀው በቅጽበት ነው፤ ቅጽበቷ ግን ከኋላዋ ስንት ዓመት የተጠራቀመ ረኀብ፣ ኩርፊያና ልምምድ አላት። እኛ ቅኔውን «ይህንንማ የኔም ልጅ ይዘርፈዋል» አንልም። ቀለም ሲሆን ግን ደፋሮች ነን።

ደግሞም ድንገቴ የሚመስለው ሁሉ ድንገቴ አይደለም። ፍራንዝ ክላይን የተባለው የፔንስልቬንያ ሰው በነጭ ላይ በሰፊ ጥቁር ምት የሚሥላቸው ሥዕሎች በአንድ ንዴት፣ በአምስት ደቂቃ የተሠሩ ይመስላሉ። ሰውዬው ግን በአሮጌ የስልክ ቁጥር መጽሐፍ ገጾች ላይ ትናንሽ ንድፎች እየሠራ፣ ከእነዚያ መርጦ ነበር ወደ ትልቁ ሸራ የሚያሻግረው። ቪለም ደ ኩኒንግም «ሴት አንድ» የተባለችውን ሥዕሉን ከ1950 እስከ 1952 ሲሥል፣ ሲፍቅ፣ እንደገና ሲሥል ኖሯል። ያ ሁሉ ቁጣ የሚታይበት የቡርሽ ምት የሁለት ዓመት ፍቀት ነው። በነገራችን ላይ ይህ ደ ኩኒንግ በ1926 ከሮተርዳም በመርከብ ተደብቆ ያለ ወረቀት አሜሪካ የገባ፣ ቤት እየቀባ እንጀራውን የጀመረ ስደተኛ ነው። ዜግነት ያገኘው በ1962 ነበር፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ለዘገየባችሁ ወገኖች ማጽናኛ ይሁናችሁ።

ፖለቲከኛ አንባቢዎቼ እዚህ ላይ «ሲ አይ ኤውስ?» ልትሉኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ። ወዳጄም ብሎኛል። እውነት ነው፤ ታሪኩ ግን ከሚወራው የበለጠ ያስቃል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ዘመናዊ ሥዕልን የኮሙኒስት ሴራ ነው ብለው ያወገዙት የአሜሪካ ፖለቲከኞች ነበሩ። የሚሺጋኑ የምክር ቤት አባል ጆርጅ ዶንዴሮ በ1949 በምክር ቤቱ ተነሥቶ ዘመናዊ ሥዕል አሜሪካን ለማፍረስ የተላከ መሣሪያ ነው እስከ ማለት ደርሷል። ከዚያ በፊት በ1947 የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ወደ ውጭ የላከውን የዘመናዊ ሥዕል ትርዒት በውግዘት ብዛት መልሶ አስመጥቶ ሥዕሎቹን ሸጧቸዋል። በዚያው ጊዜ ሞስኮ ደግሞ ይህ የቡርዥዋ መበስበስ ነው ትላለች። ሁለቱም ወገን የሚያወግዘው ሰው መሆን ምን እንደሚመስል ከመካከላችን የማያውቅ አለ? በኋላ ግን ዋሽንግተን ብልጥ ሆነች። «የሶቪየት ሠዓሊ በትእዛዝ ይሥላል፣ የእኛ ግን እንደፈለገ ይረጫል» ማለት እንደሚያዋጣ ገባት። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1958 እና በ1959 «አዲሱ የአሜሪካ ሥዕል» የተባለ ትርዒት በስምንት የአውሮፓ አገሮች አዞረ። የባህል ነጻነት ጉባኤ ይባል የነበረው ድርጅትም፣ ዘመናዊ ጥበብን በአውሮፓ ሲያስተዋውቅ የኖረው፣ በሲ አይ ኤ ገንዘብ ይተዳደር እንደነበር በ1966 እና በ1967 በጋዜጦች ተጋለጠ።

ታዲያ ይህ ሥዕሉን የሲ አይ ኤ ያደርገዋል? እኔ አይመስለኝም። መስቀልንም ንጉሥ ተጠቅሞበታል፣ ነጋዴም ተጠቅሞበታል፤ የመስቀሉ ነገር ግን በዚያ አላበቃም። ሠዓሊዎቹ አብዛኛዎቹ ግራ ዘመም ነበሩ። ባርኔት ኒውማን እንዲያውም በ1968 ለክሮፖትኪን የሕይወት ታሪክ መቅድም የጻፈ አናርኪስት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ገበያው ነው። በ2015 የደ ኩኒንግ አንድ ሥዕል በ300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለአንድ ባለሀብት መሸጡ ተዘግቧል። ያለ ወረቀት መርከብ ውስጥ ተደብቆ ለመጣ ቤት ቀቢ!

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ስለፈልፍለት ቆይቼ አንድ ሥዕል ፊት ስንደርስ ዝም አልኩ። «ሠዓሊውና እናቱ» ይባላል። የሣለው አርሺል ጎርኪ ነው። ይህ ሥዕል ገና ሰው አለበት፤ ጎርኪ ወደ ረቂቁ ሥዕል ከመሻገሩ በፊት የጀመረውና ከ1926 ገደማ አንሥቶ ዓመታት የለፋበት ነው። ጎርኪ ስሙ ጎርኪ አልነበረም። በቫን ሐይቅ አጠገብ የተወለደ ቮስታኒክ አዶያን የተባለ አርመናዊ ነው። በ1912 ከእናቱ ጋር ፎቶ ተነሥተው አሜሪካ ላለው አባቱ ላኩለት። ልጁ ቆሞ አበባ ይዟል፤ እናቱ ተቀምጣ ሻሽ አስራ ካሜራውን ታያለች። በ1915 የአርመን ሕዝብ ዕልቂት ሲመጣ በእግር ሸሽተው የሬቫን ደረሱ። እናቱ ሹሻን በ1919 እዚያው በረኀብ ሞተች። እሱ በ1920 አሜሪካ ገባ፤ ስሙን ለወጠ፤ የማክሲም ጎርኪ ዘመድ ነኝ እያለም ይዋሽ ነበር። (ስደተኛ ስለ ራሱ የሚዋሸውን ውሸት የሚቆጥር ካለ ከራሱ ይጀምር።)

በሥዕሉ ላይ የእናቲቱ እጆች አልተሣሉም። ጣት የላቸውም፤ ሁለት ነጭ የቀለም ድልዝ ናቸው። ወዳጄ «ለምን አልጨረሰውም?» አለኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ወዳጄ እናቱ ደሴ ሲያርፉ አገር ቤት መግባት በማይችልበት ዘመን ነበር፤ በስልክ ነው የተረዳው፤ እኛ ነን አርሊንግተን ላይ ድንኳን የጣልንለት። ኮፍያውን አውልቆ እዚያ ብዙ ቆመ። ስለ ልጁ ሥዕል ከዚያ በኋላ አላነሣም።

ጎርኪ ከዚህ ሥዕል በኋላ ቅርጹን ፈታው። በ1944 «የእናቴ ጥልፍ ሽርጥ በሕይወቴ ውስጥ ሲዘረጋ» የሚል ርእስ ያለው ሥዕል አለው፤ ሽርጥ ግን አታዩበትም። በጣም የቀጠነ ቀለም ይፈስሳል፣ ይንጠባጠባል፣ በመካከሉ ቀጭን ጥቁር መሥመር እንደ ክር ይሄዳል። እናቱን በመልኳ ለዓመታት ሲሥል እጇ ጋ ሲደርስ አልሆነለትም። በቀለም ፍሰት ግን ሽርጧ ተዘረጋለት። በ1946 የሥራ ቤቱ ተቃጠለ፤ በዚያው ዓመት ካንሰር ታመመ፤ በ1948 በመኪና አደጋ አንገቱ ተሰበረ፤ ወዲያው በሐምሌ ወር ራሱን ሰቀለ።

አርመን ስል የእኛው እስክንድር ቦጎሲያን ትዝ አይላችሁም? በአባቱ በኩል የአርመን ዘር ያለበት፣ በ1937 አዲስ አበባ የተወለደው እስክንድር ከ1955 ጀምሮ ለንደን፣ ከዚያም ፓሪስ ተምሯል። የጎርኪን እጅ ያፍታታው የቺሊው ሠዓሊ ሮቤርቶ ማታ ነበር ይባላል፤ እስክንድርም ፓሪስ ላይ ከማታና ከኩባዊው ዊፍሬዶ ላም ሥራ ብዙ ወስዷል። አንድ የቫን ስደተኛና አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ከአንድ ምንጭ ጠጡ ማለት ነው። እስክንድር አገሩ ተመልሶ ካስተማረ በኋላ ወደ አሜሪካ መጥቶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ። በ2003 እዚሁ ዋሽንግተን አረፈ። አንድ ቀን አሳፍሬው ይሆናል እያልኩ አስባለሁ። ሃዋርድ አካባቢ ስንቱን ሐበሻ በነጻ አድርሻለሁ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ግን ከሁሉም ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ቅርብ ነው። በ1932 ሐረር ተወለደ፤ አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠዓሊ ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ይህን ረቂቅ ሥዕል ይዞ መጣ። «ምንድን ነው ይኼ?» ያላለው አልነበረም። እሱ ግን በ1963 «ጎልጎታ»ን ሣለ፤ ቀይ ቀለም የነገሠበት ስቅለት። አባቱ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በሥርዓቱ የሚሥሉትን እሱ በቀለሙ ብቻ ሊናገረው ሞከረ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተቀበለ። እሱም በደርግ ዘመን ተሰደደ፤ በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ ሎውተን በምትባል ከተማ ሞተ። ስለ አገር የጻፈውን ግጥም በየሰልፋችን የምናነበንብ ስንቶቻችን ነን፣ ሥዕሉን ያየን ግን ስንቶቻችን ነን? ግጥሙን የወደድንለት ይገባናልና ነው። ሥዕሉን ዝም ያልነው ለትግሉ አይጠቅምም ብለን ነው። እኔ ከነዚያ አንዱ ነበርኩ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ማዕከል አለ፤ ለመግባት የቻለ ይግባ።

ስለ ቀለም ትንሽ ልጨምር። ሄለን ፍራንከንታለር በ1952፣ ገና በ23 ዓመቷ፣ «ተራሮችና ባሕር» የተባለውን ሥዕል ስትሠራ ዘይት ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥና ባልተቀባ ሸራ ላይ አፈሰሰችው። ቀለሙ በሸራው ላይ አልተቀመጠም፤ ውስጡ ሰረገ፤ ነጠላ ላይ ቡና ሲፈስስ እንደሚሆነው። የዋሽንግተኑ ሞሪስ ሉዊስ በ1953 ኒው ዮርክ ሄዶ ይህን አይቶ ተመለሰና እዚሁ ከተማ ቤቱ የምግብ ክፍል ውስጥ ሸራ እያጠፈ ቀለም ያፈስስ ጀመር። ከዚያ የተነሣ የዋሽንግተን ሠዓሊዎች በቀለም ታወቁ። ከእነሱ መካከል አልማ ቶማስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አለች። በ1924 ከሃዋርድ በሥነ ጥበብ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ተማሪ ናት፤ ሾው በተባለው ሠፈር በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 35 ዓመት አስተምራለች። ሾው ማለት እኛ ክትፎ የምንበላበት፣ የምንሰባሰብበት፣ የምንጣላበት ሠፈር ነው። ጡረታ ከወጣች በኋላ በሰባዎቹ ዕድሜዋ በጣት በጣት የሚያህሉ የቀለም ምቶችን እየደረደረች የሣለቻቸው ሥዕሎች በ1972 ዊትኒ ሙዚየም ገቡ። በዚያ መንገድ መኪና ሳቆም ቆሜ አስባታለሁ።

ማርክ ሮትኮን ለማየት ደግሞ ዱፖንት ሰርክል አጠገብ ወዳለው ፊሊፕስ ሂዱ። በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ አራት ሥዕሎች ብቻ፣ መሀል ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር። ቀይ፣ ብርቱካን፣ አረንጓዴ፤ ጠርዛቸው ያልጠነከረ ሰፋፊ የቀለም ደመናዎች። ቀለሙን አቅጥኖ እየደራረበ ስለሚቀባ ብርሃኑ ከኋላ የሚመጣ ይመስላል። መጀመሪያ ቀን ሁለት ደቂቃ ተቀምጬ ወጣሁ። በሌላ ቀን ሩብ ሰዓት ስቀመጥ ቀዩ እንደ መተንፈስ አለብኝ። ይህ ሰው በ1903 በሩሲያ ግዛት በድቪንስክ የተወለደ፣ በልጅነቱ የተሰደደ አይሁዳዊ ነው። በ1958 ኒው ዮርክ ላይ ለአንድ የሀብታሞች ምግብ ቤት ሥዕል እንዲሠራ ተቀጥሮ ከሠራ በኋላ፣ ምግብ ቤቱ ሄዶ ተመገበና ገንዘቡን መልሶ ሥዕሎቹን አስቀረ። ለሀብታም እራት ማጣፈጫ አልሆንም ማለቱ ነው። እኔ ንዑስ ከበርቴ እያልኩ ስሳደብ የነበርኩት እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ።

ልንወጣ ስንል ወዳጄን አንድ የመጨረሻ ሥዕል አሳየሁት። ሮበርት መዘርዌል በ1978 የጨረሰው የዕርቅ ሙሾ ነው፤ አንድ ግድግዳ ይሞላል። ነጭ ላይ ከባድ ጥቁር ዕንቁላል መሳይ ቅርጾች፣ በመካከላቸው እንደ ምሰሶ የቆሙ ጥቁር ምቶች። መዘርዌል የስፔን ጦርነት ሲነሣ በ1936 የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ሪፐብሊኩ በ1939 ወደቀ። ይህ ሰው ከ1948 ጀምሮ «የስፔን ሪፐብሊክ ሙሾ» እያለ ከመቶ በላይ ሥዕል ሣለ። ባንዲራ የለበትም፣ ሬሳ የለበትም፣ የፍራንኮ ፊት የለበትም። ጥቁር ብቻ፣ ደጋግሞ፣ ለአርባ ዓመታት። ወዳጄ ረዘም አድርጎ አየና «እኛ ለስንቱ ነው ሙሾ ያላወረድንለት» አለኝ። ከዚያም የመኪና ማቆሚያው ሰዓት እንዳያልፍብን አስታወሰኝ።

ቤቴ ወስጄ አንድ ነገር አሳየሁት። ስሰደድ ከጓደኛዬ አልጋ ሥር የቀረችውን አንዲት አቡጀዲ እህቴ ዘንድ ትቻት ነበር። እህቴ ምን እንደ ሆነች ሳታውቅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሲንጀር መኪናዋን ሸፈነችባት። በ2012 አንድ መንገደኛ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አመጣልኝ። እስካሁን በርበሬ በርበሬ ትሸታለች። ግድግዳ ላይ ለመስቀል አልደፈርኩም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ጠቅልዬ ነው የማኖራት። አረንጓዴ ቀለም ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ውኃ ጎርፏል፤ በላዩ ጥቁር በፍጥነት አልፏል፤ ቀዩ ከታች ብቻውን ቀርቷል። ከጥቁሩ አወራወር እጁ ሲሄድ ይታየኛል።

ያን ማታ ልጄም መጥታ ነበር። ጨርቁን ወለሉ ላይ ስንዘረጋው ተንበረከከችና ጥግ ላይ አንድ የእጅ መዳፍ አሻራ አገኘች። ስንት ጊዜ ሳየው አላስተዋልኩትም ነበር። ናሽናል ጋለሪ ያለው የፖሎክ ሥዕልም ከላይ በማዕዘኑ በኩል እንዲህ ያለ የመዳፍ አሻራ አለበት፤ ያንን አውቀዋለሁ፣ የቤቴን ግን አላየሁትም። ልጄ መዳፏን በአሻራው ላይ አስተካክላ አሳረፈችና «አባዬ፣ እጁ ትንሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር» አልኳት።